ሜተድን በስሙ መጥራት

ጃቫ ስጽፍ ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ሪፍሌክሽን የገባበት ኮድ ላይ ነው። በተለመደው አጻጻፍ ሜተድ ስንጠራ ኮምፓይለሩ ስሙንና የሚቀበለውን ዓይነት አይቶ፣ ስህተት ካለ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ይነግረናል። ከጃቫ 1.1 (እ.ኤ.አ. 1997) ጀምሮ ያለው ሪፍሌክሽን ግን የሜተዱን ስም እንደ ተራ ጽሑፍ ይቀበልና ፕሮግራሙ እየሠራ ፈልጎ ያስሠራዋል። ጄዩኒት የእናንተን ፈተና፣ ስፕሪንግም የእናንተን ክላስ ሳያውቁ የሚያስሠሩት በዚህ ነው።

ሥራው ሁለት እርምጃ ነው፤ «ጌትሜተድ» ይፈልጋል፣ «ኢንቮክ» ያስሠራል። ጣጣው ዝርዝሩ ላይ ነው። ሜተዱ «ኢንት» የሚቀበል ሆኖ ሳለ «ኢንቲጀር» ብላችሁ ብትፈልጉት የለም ትባላላችሁ። የተጠራው ሜተድ ውስጥ ስህተት ቢፈጠር ደግሞ በ«ኢንቮኬሽን ታርጌት ኤክሴፕሽን» ተጠቅልሎ ይመጣል፤ እውነተኛውን ምክንያት «ጌትኮዝ» ብሎ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ መጠቅለያውን ብቻ ሎግ ላይ የሚጽፉ ፕሮግራሞች የችግሩን መነሻ የሚፈልገውን ሰው ሌሊቱን ሙሉ ያንከራትቱታል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የሚጠራውን ሜተድ ስም የሚመርጠው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው። በምኖርባት ላስ ቬጋስ ብላክ ሃት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ጉባኤ በየክረምቱ ይካሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የደኅንነት ተመራማሪዎቹ አልቫሮ ሙኞዝና ኦሌክሳንደር ሚሮሽ እዚያ ያሳዩት ለሙያችን ትልቅ ትምህርት ነበር። የጄሶን ጽሑፍን ወደ ኦብጀክት የሚቀይሩ አንዳንድ ላይብረሪዎች የክላሱን ስም ከጽሑፉ ላይ ያነባሉ፤ ከዚያም ሴተሮቹን በሪፍሌክሽን ይጠራሉ። ስለዚህ ጽሑፉን የላከው ሰው የትኛው ክላስ እንደሚፈጠርና የትኛው ሴተር እንደሚጠራ መርጦ፣ ሰርቨሩ ላይ የራሱን ትእዛዝ እስከ ማስፈጸም ሊደርስ ይችላል። በእኔ እምነት ጥፋቱ የሪፍሌክሽን አይደለም፤ ምርጫውን ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ የሰጠው ንድፍ ነው።

እኔ ሪፍሌክሽንን አልፈራውም፤ ቦታውን ግን አጠብበዋለሁ። ሜተዶቹ አስቀድመው የሚታወቁ ከሆነ ኢንተርፌስ ይበቃል። የማይታወቁ ከሆነ የተፈቀዱትን ስሞች በማፕ እመዘግባለሁ፤ ሜተዱንም ፕሮግራሙ ሲነሳ አንዴ ፈልጌ አስቀምጠዋለሁ፤ በየጥሪው መፈለግ ጊዜ ይበላልና። ማፑ ላይ የሌለ ስም ሲመጣ ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል።

እናንተም ነገ ሥራ ስትገቡ ኮዳችሁ ውስጥ «ጌትሜተድ» እና «ክላስ ፎርኔም» የሚሉትን ፈልጉ፤ የሚገባላቸው ስም ከየት እንደሚመጣም እስከ ምንጩ ተከተሉት። ከተጠቃሚው የሚመጣ ሆኖ ካገኛችሁት ሌላውን ሥራ አቁማችሁ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።