ከሁለቱ የቱ ይቅደም?

የዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ባለሙያ ቁይ ከተማ አካባቢ ላሉ ገበሬዎች «ችግራችሁ ምንድን ነው?» ቢላቸው መልሱ አያልቅም፤ የማዳበሪያ ዋጋ፣ የስንዴ ዋግ፣ የመኖ እጥረት፣ ኖራ የሚፈልግ አሲዳማ አፈር፣ ገበያ። ሁሉም እውነት ነው። በጀቱ ግን ለአንዱ ቢበቃ ነው።

የማደንቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ነው። መሬት ላይ በእንጨት ሰንጠረዥ ይጫራል። ለየችግሩ ምልክት ይቀመጥለታል፤ ለዋጉ የስንዴ ዛላ፣ ለመኖው ጭድ፣ ለአፈሩ ጓል። ከዚያ ሁለት ሁለቱን እያነሡ «የቱ ይቅደም?» ይባባላሉ። ለአምስት ችግር አሥር ንጽጽር ይደረጋል፤ ብዙ ጊዜ የተመረጠው ቀዳሚ ይሆናል። ፊደል ያልቆጠረውም ተነሥቶ «ኧረ ጓሉ! አፈሩ ካልዳነ ማዳበሪያው ምን ሊሠራ ነው?» ማለት ይችላል። ለእኔ ከውጤቱ ይልቅ ክርክሩ ይበልጣል፤ ምክንያቱ የሚሰማው እዚያ ነውና። ሴቶች ለብቻቸው ሲደረድሩ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ሊገለባበጥ፣ ውኃና ማገዶም ብቅ ሊሉ ይችላሉ።

የከፍተኛ ትምህርት ተቋም ገበሬው ዘንድ መውረዱ አዲስ አይደለም። በአገራችን የኤክስቴንሽንን ሥራ ቀድሞ የያዘው በአሜሪካው ኦክላሆማ ኮሌጅ ድጋፍ የተቋቋመው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነበር፤ ኃላፊነቱ በ1963 እ.ኤ.አ. ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎች «የማኅበረሰብ አገልግሎት» በሚል ስም ተመልሰውበታል። ታዲያ ዕቅዱ ከቢሮ ተጽፎ መጥቶ ገበሬው እንዲያጨበጭብ ብቻ ከተጠራ፣ ጓሉም ዛላውም ለታይታ ነው።

ሰንጠረዡ ወደ ወረቀት ሲገለበጥ የተሸነፉት ችግሮችም ከነነጥባቸው ይጻፉ፤ የከርሞው ዕቅድ ከእነሱ ይጀምራል።