የዋቢ አጠቃቀስ በተማሪዎች የጥናት ጽሑፍ፤ የስምና የዓመት ጉዳይ

በኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋሞች ለመመረቂያ የሚቀርቡ የጥናት ጽሑፎች ሲመረመሩ፥ ከፈታኞች ዘንድ ዘወትር ከሚሰሙት ወቀሳዎች አንዱ ተማሪው ዋቢውን በትክክል አልጠቀሰም የሚለው ነው። ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው በመልኩ ላይ ነው፤ ነጥቡ ከቅንፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ፥ የመጽሐፉ ርእስ ተሰምሮበታል ወይስ አልተሰመረበትም፥ የታተመበት ከተማ ተጽፏል ወይስ ቀርቷል። ተማሪውም እርማቱን ተቀብሎ ነጥቡን ከቦታው ያደርሳል፤ ጽሑፉም ያልፋል። ይሁን እንጂ ነጥቡ ሁሉ ቦታውን በያዘበት ጽሑፍ እንኳ፥ አንባቢው በተጠቀሰው ስምና ዓመት ተመርቶ ቤተ መጻሕፍት ቢሄድ መጽሐፉን ሳያገኝ የሚመለስበት ጊዜ አለ። ዋቢ የሚጠቀሰው አንባቢው ወደ ምንጩ ሄዶ የተባለውን እንዲያረጋግጥ፥ ሲያስፈልግም እንዲቃወም ነው። ይህ ካልተቻለ የነጥቡ መስተካከል ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለተማሪዎች የሚታደሉት መመሪያዎች በአብዛኛው ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። በሥነ ትምህርትና በሥነ ልቡና ጥናት በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር ደንብ፥ በ1929 እ.ኤ.አ. በአንድ መጽሔት ላይ ከወጣ ሰባት ገጽ ያህል ጽሑፍ የተነሣ ነው። ለታሪክ ተማሪዎች የሚሰጠው የቺካጎ ስልት ደግሞ መጀመሪያ በ1906 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን፥ ኬት ቱራቢያን በ1937 እ.ኤ.አ. ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ባዘጋጀችው አጭር መመሪያ አማካይነት በብዙ አገር ተሠራጭቷል። ዛሬ በተማሪዎች ዘንድ እጅግ የተለመደው፥ የደራሲውን ስምና የኅትመቱን ዓመት በቅንፍ ውስጥ የማስገባት ልማድ የሚነሣው ግን ከነዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ነው። የዚህ ስልት ጀማሪ ነው ተብሎ የሚታወቀው ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ የተባለ የሃርቫርድ የሥነ እንስሳት ምሁር ሲሆን፥ በ1881 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ዛጎል አልባ ቀንድ አውጣ እንቁላል ባሳተመው ጥናት ተጠቅሞበታል። ማን መጀመሪያ አየው፥ መቼ አየው የሚለው ጥያቄ ለሥነ እንስሳት ምሁር ዋና ጉዳይ ነውና ስምና ዓመት ይበቁታል። ስሙ የቤተሰብ ስም ነው፤ ዓመቱም በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይነበባል። በኢትዮጵያ ምንጮች ላይ ግን ይበልጥ የሚያሳስቱት እነዚሁ ሁለት ነገሮች፥ ስምና ዓመት፥ ሆነው ይገኛሉ።

ስሙን በቅድሚያ መመልከት ይገባል። መመሪያው «የመጨረሻው ስም ይቅደም፥ የቀረው በመነሻ ፊደል ይጻፍ» ሲል ተማሪው ትእዛዙን እንዳለ ይፈጽማል። ኢትዮጵያዊ ደራሲ ግን የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ስም ነው። ታደሰ ታምራት ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት የጻፈው የታወቀ መጽሐፍ በ1972 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ከታተመ ወዲህ፥ ደራሲው በአንዳንዱ ጽሑፍ «ታደሰ»፥ በሌላው «ታምራት» እየተባለ ይጠቀሳል። ነገሩን የማያውቅ አንባቢ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ ቢያስብ ሊፈረድበት አይገባም። ስሙ ጥምር በሆነ ጊዜ ደግሞ ስሕተቱ ይበልጥ ይከፋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በውጭው ደንብ ሲጻፍ «ሥላሴ፥ ኅ. ወ.» ይሆናል። «ዝክረ ነገር»ን በ1942 ዓ.ም. ያሳተመው ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልም «መስቀል፥ ማ. ሥ. ወ.» ተብሎ ይመዘገባል። እንደዚህ ያለ ዝርዝር ፈታኝ ፊት ቀርቦ ያለ እርማት ማለፉ፥ ዝርዝሩ የሚመረመረው ለነጥቡ እንጂ ለመጽሐፉ እንዳልሆነ ያስረዳል። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ «ክፍሌ፥ ኪ. ወ.» ተብሎ ሲጻፍ ደግሞ ሌላ ችግር ይደርሳል፤ የሊቁ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የሚባሉ ስለ ነበሩ፥ አንባቢው ደቀ መዝሙሩን ትቶ ወደ መምህሩ ሊሄድ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ዓለም አቀፍ ደንብ ስለሚያስገድድ ነው የሚል መከራከሪያ ሲቀርብ ይሰማል። መከራከሪያው አይጸናም። የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ባሕሩ ዘውዴንና ታደሰ ታምራትን በካታሎጉ ያስቀመጠው በየራሳቸው ስም ነው። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ በጀርመን የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካም የኢትዮጵያን ሰዎች በመጀመሪያ ስማቸው ይመዘግባል። እንግዲህ የውጭው ቤተ መጻሕፍት የጠበቀውን ወግ የአገሩ ተማሪ የሚያፈርሰው ግዴታ ኖሮበት አይደለም። ችግሩን በቅርብ ዓመታት ያባባሰው የዋቢ ዝርዝርን በራሱ የሚያሰናዳው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ ለስም ሁለት ሣጥን ያቀርብና ተማሪው የአባቱን ስም በቤተሰብ ስም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ሙሉውን ስም በአንድ ሣጥን መጻፍ ግን በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ይቻላል። በአሜሪካና በአውሮፓ የተወለዱ፥ የአያታቸውን ስም በሕግ የቤተሰብ ስም ያደረጉ ጸሐፊዎች ጉዳይ የተለየ ነው፤ እነርሱ በመጽሐፋቸው ላይ ራሳቸውን እንደ ጠሩ መጥራት ይገባል። ለሁሉም አንድ ደንብ ለማበጀት ከመድከም ይልቅ የመጽሐፉን የውስጥ ገጽ ገልጦ ማየት ይሻላል።

ዓመቱ ከስሙ ይልቅ ስውር የሆነ ስሕተት ያመጣል፤ የተሳሳተ ስም ለዓይን ይጎረብጣል፥ የተሳሳተ ዓመት ግን ቁጥር ስለ ሆነ ማንም አይጠረጥረውም። የኢትዮጵያ ዘመን ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቆጠር ማንም ያውቃል። ሆኖም «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. መታተሙን የሚያውቅ ተማሪ በእንግሊዝኛ በሚጽፈው ጥናት ውስጥ «ሐዲስ፥ 1958» ብሎ ሲያልፍ፥ ለውጭ አገር አንባቢ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አስቀደመው ማለት ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ሮም ላይ የታተመው በ1908 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ ይህም 1900 ዓ.ም. ገደማ፥ የዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። «1908» የሚለውን ቁጥር ያለ ምልክት ያገኘ ተማሪ ዓመተ ምሕረት መስሎት በአማርኛ ጽሑፉ ውስጥ እንዳለ ቢያሰፍረው፥ በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠረው መጽሐፍ ወደ ልጅ ኢያሱ የመጨረሻ ዓመት ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ይህን ጽሑፍ ዋቢ አድርጎ ስለ ዘመኑ መንፈስና ስለ ልብ ወለዱ ግንኙነት የሚጽፍ ሌላ ተማሪ፥ ሐተታው የቱንም ያህል ብልህ ቢሆን፥ ባልነበረ ነገር ላይ ይተነትናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መጽሐፉ በራሱ ላይ የያዘው ዓመት እንዳለ ይጻፍ፤ አቆጣጠሩ በምልክት ይገለጽ፤ ሁለተኛው አቆጣጠር የግድ ካስፈለገ በቅንፍ ይከተል። ወሩ ካልታወቀ አንዱን ዓመት ወደ ሌላው በቁርጥ መለወጥ ስለማይቻል፥ 1958 ዓ.ም. ሲለወጥ «1965/66 እ.ኤ.አ.» ተብሎ ሁለቱም ይጠቀሳሉ።

ትክክለኛ የኅትመት ዓመት እንኳ ሁልጊዜ በቂ አይሆንም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ታተመ፤ ሊቁ ያረፉት ግን በ1936 ዓ.ም. ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ፥ የቀጠሉትና ያስፋፉት ኪዳነ ወልድ፥ ለኅትመት ያበቁት ደግሞ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው። «ኪዳነ ወልድ፥ 1948» የሚለው ቅንፍ የሦስት ትውልድ ድካምን አጥፎ የአንድ ዓመት ሥራ ያስመስለዋል። የመዝገበ ቃላቱን አንድ ፍች ጠቅሶ «በ1940ዎቹ ይህ ቃል እንዲህ ይተረጎም ነበር» የሚል ተማሪ ቢገኝ፥ ያሳሳተው የራሱ ቅንፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» ነው። በፍልስፍናና በሥነ ጽሑፍ ጥናቶች ውስጥ «ዘርዐ ያዕቆብ፥ 1667» የሚል ጥቅስ የተለመደ ሆኗል። ቁጥሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ያለመገለጹ ይቅርና፥ በዚህ አጭር ቅንፍ ውስጥ አንድ ትልቅ ክርክር ተሰውሮ ይገኛል። ድርሰቱን በ1852 እ.ኤ.አ. አገኘሁት ያለው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ ሚስዮናዊ ሲሆን፥ ቅጂውን ለአንቷን ዳባዲ ልኮለት ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በዳባዲ ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ግእዙን ኤኖ ሊትማን በ1904 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. የድርሰቱ ባለቤት ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው ሲል ተከራከረ። ክላውድ ሰምነር በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተማቸው ጥናቶች ደግሞ ይህን ተቃውሞ የኢትዮጵያዊ ደራሲ ሥራ መሆኑን ደገፈ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ተማሪው ከሁለቱ ወገን የፈለገውን ሊደግፍ መብቱ ነው፤ ነገር ግን «ዘርዐ ያዕቆብ፥ 1667» ብሎ ሲጽፍ፥ ሳይከራከር ፈረደ። በእጁ የያዘው የሊትማን ኅትመት ወይም የሰምነር ትርጉም ከሆነ ያንኑ ከነገጹ መጥቀስ፥ የድርሰቱን ዘመንና ባለቤት የሚመለከተውን ደግሞ በሐተታው ውስጥ መናገር ነበረበት።

ያላነበቡትን እንዳነበቡ አድርጎ የመጥቀስ ልማድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በ1681 እ.ኤ.አ. በላቲን የታተመው የኢዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክ፥ ላቲን ባልተማረ ተማሪ የዋቢ ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ፥ ተማሪው ሉዶልፍን ያወቀው በሌላ ሰው የግርጌ ማስታወሻ እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። መካከለኛው ጸሐፊ ገጹን ተሳስቶ ከሆነ ስሕተቱ ለተማሪው ይወረሳል፤ የከፋው ግን መካከለኛው ጸሐፊ ሳይጠራ መቅረቱ ነው። «ሉዶልፍ፥ በእገሌ እንደ ተጠቀሰው» ብሎ መጻፍ አያሳፍርም። ብዙ ተማሪዎች የሚያፍሩበት የዋቢ ዝርዝራቸው ርዝመት የትጋት መለኪያ ስለ ሆነባቸው ነው፤ ይህን መለኪያ ያስለመዷቸው ደግሞ ፈታኞቻቸው ናቸው።

ምስክር መጥራት ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ ነገር አልነበረም። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ንባቡን ከፈታ በኋላ ማስረጃውን ከሌላ መጽሐፍ ጠቅሶ «እንዲል» ብሎ ይዘጋል፤ የትርጓሜ ልዩነት ሲኖርም «አንድም» እያለ ሁሉንም ያቀርባል። የጥቅሱን ምዕራፍ መናገር የማያስፈልገው ሰሚው በቃሉ ያጠና ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ይህ አንባቢ የለም፤ ስለዚህ «እንዲል» የገጽ ቁጥር ያስፈልገዋል። ከዚያው ወግ የተወሰደው «ዝኒ ከማሁ» ግን በጥንቃቄ ሊሠራበት ይገባል። ተማሪው በእርማት ጊዜ በሁለት ማስታወሻዎች መካከል አንድ አዲስ ማስታወሻ ባስገባ ቁጥር «ዝኒ ከማሁ» ጌታውን ለውጦ ለሌላ ያድራል።

የቃል ምንጭን በሚመለከት፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ክፍል የመመረቂያ ጽሑፎች የዳበረው ልማድ፥ ማለትም የተጠያቂዎችን ስም፥ ዕድሜ፥ የተጠየቁበትን ቦታና ቀን በዝርዝር ማስፈር፥ ከውጭ መመሪያዎች ይልቅ የአገሩን ምንጭ የሚመጥን ነው። ጉድለቱ የሚታየው በግርጌ ማስታወሻው ላይ ነው። አራት ወይም አምስት ሽማግሌዎች በአንድ ማስታወሻ በጅምላ ሲጠሩ፥ ነገሩን በዓይኑ ያየው ማን እንደ ሆነ፥ ከአባቱ የሰማው ማን እንደ ሆነ፥ በአንዱ ቃል ሌላው ተስማምቶ እንደ ሆነ ወይም ተቃውሞ እንደ ሆነ አይለይም። ያን ሁሉ ልዩነት ለአንባቢው የሚያቆየው ካሴቱ ወይም የድምፅ ቅጂው ነው፤ እርሱም በተማሪው እጅ ቀርቶ በጊዜ ብዛት ይጠፋል። ጽሑፉን የሚረከበው የትምህርት ክፍል ድምፁንም አብሮ ቢረከብና ቁጥር ቢሰጠው፥ ማስታወሻው የሽማግሌውን ስም ከነካሴቱ ቁጥር ለመጥቀስ ይችል ነበር።