መሀሉ የት ሄደ?
ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች የምንናገረው ታሪክ ሲመረመር

ውድ ወጣቶች፣ በፕሮግራሞቻችን ላይ ስለ እግር ኳስ ተጫዋች የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልጁ ድሃ ነው፤ በባዶ እግሩ የጨርቅ ኳስ ይጫወታል፤ ሰዎች ይንቁታል። ከዚያ «እግዚአብሔር ከትቢያ አነሳው» ይባልና ልጁን በሞላ ስታዲየም ውስጥ እናገኘዋለን። እልል እንላለን፤ ወደ መዝሙር እናልፋለን። እኔም ይህን ታሪክ ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። ዛሬ ግን እንደ ማንኛውም ድርሰት አስቀምጠን እንመርምረው።

እንድመረምረው ያስገደደኝ አንድ ወንድም ነው። እዚሁ ሀዋሳ ከእኛ ጋር ያደገና በአንደኛ ሊግ የሚጫወት ልጅ ነው። አንድ ምሽት ይህንኑ ታሪክ ተናግሬ ስወጣ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኘኝና፣ «ጋሼ፣ እኔ ስጫወት ሰባተኛ ዓመቴ ነው። እግዚአብሔር እኔን ረስቶኛል ማለት ነው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። ሌሊቱን ሳስበው ጥያቄውን ያመጣበት የእኔ አተራረክ እንደ ሆነ ገባኝ።

እስቲ ከከተማችን ልጅ ከአዳነ ግርማ እንጀምር። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ፣ በደቡብ አፍሪካዋ ኔልስፕሩት ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር ገጠመች። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዕረፍት ሊደርስ ሲል ዛምቢያ አገባች። በ65ኛው ደቂቃ ግን አዳነ በአሥር ሰው የቀረውን ቡድን አቻ አደረገ። ያን ቀን እንኳን በሀዋሳ፣ በአገሩ ሁሉ ያልጮኸ ማን ነበር?

የአዳነን ታሪክ ከዚያች ደቂቃ እንጀምራለን፤ እዚያችው ላይም እንጨርሳለን። ሆኖም ቡድኑ ወደዚያ የደረሰው ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ ከመጣ በኋላ በጥቅምት ወር አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ስላሸነፈ ነው። የዚያን ቀን የመጀመሪያዋን ግብ ያገባውም አዳነ ነበር። ከዚያም በስተ ጀርባ በሀዋሳ ከተማ፣ ቀጥሎም በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ያለፉ ዓመታት አሉ። ዝናብ የጣለበት ልምምድ፣ ጉዳት፣ ተቀያሪ ወንበር፣ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ የሌለበት የተጫዋች ሕይወት የለም። ከምንናገረው ታሪክ የሚወድቀው ይኸው ነው። ሌላም ልጠይቃችሁ፦ «ሐይቆቹ» በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ከአዲስ አበባ ክለቦች እጅ ወስደው ወደ ሀዋሳ ሲያመጡ የተጫወቱትን ልጆች ከእናንተ ስንቱ በስም ይጠራቸዋል?

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። የእንግሊዛዊው ጄሚ ቫርዲ የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2016 በመጽሐፍ ወጥቷል። ርዕሱ በአማርኛ ሲመለስ «ከየትም» እንደ ማለት ነው፤ ከየት መጣ ሳይባል ድንገት ብቅ ያለ ሰው ለማለት ነው። ርዕሱ ይስባል፤ እውነት ግን አይደለም። ቫርዲ በ16 ዓመቱ ሼፊልድ ዌንስዴይ አሰናበተው። በስቶክስብሪጅ በሳምንት 30 ፓውንድ እየተከፈለው ተጫወተ፤ ቀን ቀን በፋብሪካ የሕክምና መደገፊያ ይሠራ ነበር። በድብድብ ተፈርዶበት እግሩ ላይ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ታስሮበት ስለ ነበር፣ ማታ ቤቱ ለመድረስ ጨዋታ አቋርጦ የሚወጣበት ጊዜም ነበር። ቀጥሎ ሃሊፋክስ፣ ቀጥሎ ፍሊትውድ። በ2012 ሌስተር ሲቲ በአንድ ሚሊዮን ፓውንድ ሲገዛው 25 ዓመት ሞልቶት ነበር። በ11 ተከታታይ የሊግ ጨዋታዎች ግብ ያገባበትና ሌስተር ሻምፒዮን የሆነበት ዓመት የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ስቶክስብሪጅ «የትም» ነውን? ያሠለጠኑት፣ ኳስ ያቀበሉት፣ አብረውት ፋብሪካ የገቡት ሰዎች አገር ነው። ርዕሱ እነርሱን ሰርዟቸዋል።

«ታዲያ አጭሩ ታሪክ ተስፋ አይሰጥም ወይ?» የሚል ይኖራል። ይሰጣል፤ አልክድም። በጨርቅ ኳስ ለሚጫወት የአሥር ዓመት ልጅ ይበቃዋል። ሰባት ዓመት ለተጫወተው ወንድማችን ግን ያው ታሪክ ክስ ይሆንበታል፤ «ካልተነሳህ አንድ ነገር ጎድሎሃል» ይለዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ እንዴት እንደሚተርክ ተመልከቱ። ዮሴፍን ስንሰብክ ከጉድጓድ ወደ ቤተ መንግሥት በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዘላለን። ዘፍጥረት ግን አይዘልም። ዮሴፍ ሕልሙን ሲናገር 17 ዓመቱ፣ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ዓመቱ ነበር። በመሀል 13 ዓመታት አሉ፤ ጸሐፊው ባርነቱንም፣ ሐሰተኛውን ክስም፣ የጠጅ አሳላፊው መርሳት ያስከተለውን ሁለት ዓመትም ይነግረናል። እንጀራ አበዛውንም አልደበቀውም። ሁለቱ በአንድ ወኅኒ፣ በአንድ ሌሊት ሕልም አለሙ፤ አንዱ ወደ ሹመቱ ተመለሰ፣ ሌላው ተሰቀለ። እኛ ብንሆን ሁለተኛውን ከምስክርነቱ እናወጣው ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው። በምዕራፍ 39 እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደ ነበረ ደጋግሞ ሲጻፍ፣ የሚጻፈው ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤትና በወኅኒ ሳለ ነው። ሰረገላው ላይ እስኪወጣ አልተጠበቀም። አብሮነቱ በታችኛው ሊግ ተጽፏል ብል ወንድማችን በቀላሉ ይገባዋል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ፕሮግራም የተጫዋች ታሪክ ስትናገሩ እባካችሁ መሀሉን መልሱለት። የት የት ተጫወተ? ማን አሠለጠነው? አብረውት የጀመሩት ዛሬ የት ናቸው? እነዚህን ካልመለሳችሁ ታሪኩን ገና አላጠናችሁትም። እግዚአብሔርንም ግቡ ላይ ብቻ አታምጡት።

ለዚያ ወንድም መልሱን ዘግይቼ፣ ይህንኑ የዮሴፍን ምዕራፍ ከፍቼ አብረን በማንበብ ሰጠሁት። ብዙም አልተናገረም። «ቅዳሜ ጨዋታ አለን» ብቻ አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን እሄዳለሁ፤ የምትችሉም አብራችሁኝ ኑ።

ጸጋ ይብዛላችሁ።