የማፈግፈግ ጨዋታና የነጥብ አቆጣጠሩ

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1944 ሌሊት፣ በኔዘርላንድ ከአርንሄም አጠገብ በኦስተርቤክ ተከቦ የነበረው የእንግሊዝ 1ኛ አየር ወለድ ክፍለ ጦር ቅሪት፣ በእንግሊዝና በካናዳ መሐንዲሶች ጀልባዎች የታችኛውን ራይን ወንዝ መሻገሩ ይታወሳል። ይህን የመሰለውን ማፈግፈግ በካርታ ላይ የሚያሳይ የጦር ጨዋታ ለታሪክ ትምህርት መርጃ ሊሆን ይችላል። የጊዜን ማጠር፣ የጀልባን ማነስና የጨለማን ጥቅም ተማሪው ራሱ በሚሰጠው ውሳኔ ይረዳዋልና።

ይሁን እንጂ አሸናፊው ወንዙን የተሻገሩትን ብቻ በመቁጠር የሚለይ ከሆነ ጨዋታው ታሪኩን ያጎድለዋል። ከወንዙ ሰሜን ከተዋጉት 10 ሺህ ያህል ሰዎች የተሻገሩት 2400 ገደማ ናቸው። ለመራመድ ካልቻሉት ቁስለኞች አንዳንዶቹ ኋላ ደጀን ሆነው መተኮሳቸውን በመቀጠል ምሽጉ ያልተለቀቀ አስመስለዋል፤ ሐኪሞችም ከቁስለኞች ጋር ቀርተው ተማርከዋል። የሌሎቹ መሻገር በእነዚህ መቅረት የታገዘ ሆኖ ሳለ፣ በነጥብ ሰሌዳው ላይ የሚመዘገቡት በኪሣራ ነው።

ስለዚህ መምህሩ «ማን አሸነፈ?» ከማለቱ በፊት «ማን ቀረ? ስለምን ቀረ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። የነጥብ ደንቡም ደጀኖቹ ለሌሎች ያስገኙትን ጊዜ እንዲቆጥር ቢሻሻል መርጃው ይበልጥ ይጠቅማል።