«የሎሬንዞ ዘይት» የተባለው ፊልምና የስብ አሲድ ትምህርት

በጆርጅ ሚለር አዘጋጅነት በ1992 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የቀረበውን «የሎሬንዞ ዘይት» የተባለውን ፊልም የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ሊያየው ይገባል የሚል አሳብ በክፍላችን ይሰማል። እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ ዳሩ ግን የፊልሙን መጨረሻ እንደ ትምህርት የሚቀበል እንዳይኖር እሠጋለሁ።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። በ1978 የተወለደው ሎሬንዞ ኦዶኔ በ1984 አድሬኖሊውኮዲስትሮፊ በሚባለው በሽታ መያዙ ታወቀ። በዚህ በሽታ 24ና 26 ካርቦን ያላቸው እጅግ ረጃጅም የስብ አሲዶች ሳይፈርሱ በደምና በአንጎል ይከማቻሉ፤ የነርቭም ሽፋን ይጠፋል። አባቱ አውጉስቶ የወረቀት ማያያዣ ሽቦዎችን እየቀጣጠለ፥ ሁለቱን ዐይነት አሲዶች የሚያስረዝመው ኤንዛይም አንድ መሆኑን የሚደርስበት ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የላቀ ነው። አንደኛውን አሲድ አብዝተው የሰጡት እንደ ሆነ ኤንዛይሙ በእርሱ ተጠምዶ ለሌላው ፋታ ያጣል። በሰሌዳ ላይ ከሚጻፈው ቀመር ይልቅ እነዚያ ሽቦዎች ያስረዳሉ። (ኒክ ኖልቴ በጣልያን ቅላጼ ለመናገር የሚያደርገውን ትግል ግን ታግሦ ማለፍ ነው።)

ነገር ግን ዘይቱ የሚያግደው አሲዱን የሚሠራውን ኤንዛይም ነው እንጂ የማፍረሱን ሥራ አይጠግንም። ፊልሙ ራሱ በሚጠቀምበት በወጥ ቤት ማጠቢያ ምሳሌ ብንናገር፥ ቧንቧውን ያጠባል እንጂ የተደፈነውን ማፍሰሻ አይከፍትም። የማፍረሱ ሥራ በፔሮክሲሶም ውስጥ በአሲል ኮኤ ኦክሲዴዝ ይጀመራል። ፊልሙ ሲሠራ ጉድለቱ አሲዱን ከኮኤንዛይም ኤ ጋራ በሚያያይዘው ኤንዛይም ላይ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1993 ጂኑ ሲገኝ ግን የተበላሸው አሲዱን በፔሮክሲሶም ሽፋን አሳልፎ የሚያስገባው ፕሮቲን ሆነ፤ አፍራሹ ኤንዛይም ደኅና ሳለ ሥራው አልደረሰውም። ይህን ባለማወቁ ፊልሙ አይወቀስም።

የሚወቀሰው በፍጻሜው ነው። ዘይቱን የሚወስዱ ልጆች ጤነኞች ሆነው ሲታዩ ተመልካቹ በሽታው ድል ሆነ ብሎ ይወጣል። በዚያው በ1993 የታተመ የፈረንሳይ ሐኪሞች ጥናት ግን፥ ዘይቱ በደም ያለውን አሲድ ቢቀንስም አብዛኞቹ አዋቂዎች የሆኑትን ሕመምተኞች እንዳልረዳ አመለከተ። በ2005 ሁጎ ሞዘርና ባልደረቦቹ የነርቭ ምልክት ያልታየባቸውን 89 ልጆች ተከታትለው፥ አሲዱ በደማቸው የቀነሰላቸው ይበልጥ እንደ ተጠበቁ ገለጹ፤ ሆኖም ዘይት ያልተሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። እንግዲህ ፒተር ዩስቲኖፍ የሚጫወተው ፕሮፌሰር ኒኮላይስ ነገሩ በሙከራ ይረጋገጥ በማለቱ ልበ ደንዳና አስመስሎ ማቅረብ ፍርድ ማጣመም ነው። ልጁ የሚሞትበት አባት ሊጠብቅ አይችልም፤ ማንም አይፈርድበትም። የብዙ ሰዎችን ልጆች የሚያክም ሐኪም ግን የሚጠየቀው በሌላ ነው።

ሎሬንዞ ሐኪሞች ከገመቱለት ሁለት ዓመት አልፎ እስከ 2008 ኖረ፤ በ30 ዓመቱም ዐረፈ። ይህ በዘይቱ ይሁን በወላጆቹ ማስታመም፥ ከአንድ ሕመምተኛ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ፊልሙን የሚያሳዩን መምህራን የ1993ቱንና የ2005ቱን ጥናቶች አብረው ቢያድሉን እንወዳለን።