እ… ማለት ነው

«ማለት ነው»ን መቁረጥ የጀማሪ ሬዲዮ አርታኢ የመጀመሪያ ደስታ ነው። አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን በግሥ ይዘጋል። ሰውየው «ዘንድሮ ዝናቡ ዘግይቶ ገባ» ካለ ነገሩን ጨርሷል፤ ከኋላ የተንጠለጠለችው «ማለት ነው» ብትወጣ ሐሳቡም ሰዋስዉም አይጎድልበትም። ከግማሽ ሰዓት ቃለ መጠይቅ እንዲህ ያለውን ብቻ ለቅሞ ያወጣ ሰው ለአንድ ማስታወቂያ የሚበቃ ቦታ ያገኛል። አድማጭ አይነቃም። ተናጋሪው ራሱ ሲሰማው «እንዲህ ጥርት አድርጌ ነው እንዴ የተናገርኩት?» ብሎ ደስ ይለዋል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነው የሚያስቸግረው። ሥራዬ የሰው ንግግር መቁረጥ ስለሆነ «ያው»፣ «በቃ»፣ «ምናምን»፣ «አየህ»፣ «ገባህ?»፣ «ምን መሰለህ» ሲደጋገም የሚያመው ጆሮ አለኝ። ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ በስልክ የሚያወራ ሰው በየዓረፍተ ነገሩ «ገባህ?» ሲል ጣቴ የሌለ ኪቦርድ ይፈልጋል። ቢሆንም ጆሮ የሚያሰለች ቃል ሁሉ ትርፍ እንዳልሆነ ያሳየኝ ይኸው ሥራ ነው። እውነተኛው ትርፍ ብዙ ጊዜ ጆሮ ሳያሰለች፣ ለስልሶ ያልፋል።

በሪል ቴፕ ዘመን ቆረጣው በምላጭ ነበር። ቴፑ በሰከንድ 19 ሳንቲሜትር ሲሄድ የሩብ ሰከንድ «እ» ወደ 5 ሳንቲሜትር የሚጠጋ ክር ትሆናለች። ባለሙያው ሪሉን በእጁ ወደፊት ወደኋላ እያመላለሰ መነሻና መድረሻዋን በእርሳስ ያመለክታል፤ ከዚያ ቆርጦ ሁለቱን ጫፎች በፕላስተር ያያይዛል። እያንዳንዷ «እ» ይህን ያህል ድካም ስለምታስከፍል አርታኢው ለየትኛዋ እንደሚደክም ይመርጥ ነበር። ዛሬ የድምፁ ሞገድ ስክሪን ላይ ተዘርግቶ ይታያል፤ «እ»ዋ እንኳን ሳትሰማ በቅርጿ ትታወቃለች። ማጥፋት የአንድ ቁልፍ ሥራ ሲሆን ምርጫ የሚባለው ነገር ይረሳል። ሁሉም «እ» የወጣለት ንግግር ሰምታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰውየው አየር ሳይስብ የሚናገር፣ አንድም ጊዜ ያላሰበ፣ ጽሑፍ የሚያነብ ይመስላል።

ለቋንቋችን ደግሞ የራሱ የሆነ ጥንቃቄ አለ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ ከመፈንዳታቸው በፊት አጭር ፀጥታ አላቸው፤ ቁርጡ እዚያ ውስጥ ከገባ ማንም አይሰማውም። የሚጠብቅ ድምፅ ግን አደገኛ ነው። ማጥበቅ ማለት በድምፅ ረገድ ማርዘም ነውና ከርዝመቱ ላይ ጥቂት የተወሰደበት ፊደል ይላላል። ጠብቆ የተነገረ «አለ»፣ ማለትም መኖርን የሚያመለክተው፣ ላልቶ «ተናገረ» የሚል ፍቺ ይዞ ቁጭ ይላል። በዓሉ «ገና» ያልደረሰው «ገና» ይሆናል። በጽሑፍ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስለሆኑ ግልባጩን እያየ የሚቆርጥ ሰው አይጠረጥርም፤ ይህ በጆሮ ብቻ የሚያዝ ነገር ነው።

ሰው ለምን «እ» ይላል? ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት፣ ዐሥር ቋንቋዎችን ባወዳደረ ጥናት፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ 200 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው የአንድን ነገር ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት ግን 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ተራችን ከቃላችን ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው። (ይህችኛዋን «ማለት ነው» አልቆርጣትም፤ ሥራ እየሠራች ነው።) ኸርበርት ክላርክና ጂን ፎክስ ትሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የሚያወጧቸው ሁለት የማመንታት ድምፆች አንዱ ለአጭር፣ ሌላው ለረዘም ላለ መዘግየት እንደሚያገለግሉ አሳይተዋል። ተናጋሪው «ቆይ፣ እየመጣሁ ነው፤ ተራዬን አትውሰድብኝ» እያለ ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ችግር ይብሳል ብዬ አስባለሁ። አማርኛ ተናጋሪ ግሡን እስከ መጨረሻው ተሸክሞ መጓዝ አለበት። «ሄጄ፣ አይቼ፣ ተመልሼ፣ ለእነሱም ነግሬ…» እያለ ሲያያይዝ፣ ማሰሪያው ምን እንደሆነ ገና ያልወሰነበት ጊዜ ብዙ ነው። መሐል ላይ «ምንድን ነው» ብሎ ያርፋል፤ «ከዚያ ምንድን ነው… ወረቀቱን አስገባሁ» ይላል። ጥያቄ አይደለም፣ ማንም አይመልስለትም፣ እሱም መልስ አይጠብቅም። ይህ ሲበዛ ያደክማል፤ አንድ ሁለቱን አስቀርቼ ሌላውን አወጣለሁ።

«እንትን»ን ግን እወዳታለሁ። ጠፍታ የቆየችውን ቃል ተክታ የምትቆም ብቻ አይደለችም፤ ትረባለች፣ ትያያዛለች፣ ግሥም ትሆናለች። «እንትኑን ወዲያ እንትን አድርገው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጋራዥ ውስጥ ብትሰሙ መፍቻው ወይ ክሪኩ በትክክለኛው እጅ ይገባል። ሬዲዮ ላይ ግን አድማጭ ክሪኩን አያይም። ለዚህ ነው ስለ ሥራው የሚናገር የእጅ ባለሙያ ስቱዲዮ ውስጥ ከሚቀረጽ ይልቅ ሥራው ላይ ቢቀረጽ የሚሻለው፤ እቃው እጁ ላይ ሲሆን ስሙም ምላሱ ላይ ይሆናል። «እንትን» ለነውር ነገር መሸፈኛ መሆኗም መረሳት የለበትም። የጤና ፕሮግራም የሚያዘጋጅ ሰው እንግዳው «እንትኗ ላይ» ሲል የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደሆነ አስጠርቶ መቅረጽ አለበት፤ አለበለዚያ አድማጩ መድኃኒቱን የት እንደሚቀባ አያውቅም።

ሙያውን የሚፈትኑት እነዚህ አይደሉም። «ይመስለኛል»፣ «ምናልባት»፣ «እንጃ»፣ «እንደሰማሁት ከሆነ» ናቸው። ተደጋግመው ሲመጡ ልክ እንደ «ያው» ጆሮ ያሰለቻሉ፤ ሞገዳቸውም አጭር ነው፣ ለመቁረጥ ይመቻል። ግን «መኪናው ቀይ ነበር ይመስለኛል» ካለ የዓይን ምስክር ላይ የመጨረሻዋን ቃል ያነሣ አርታኢ ምስክሩን ለውጦታል። አንድ ሐኪም «ምናልባት ከምግቡ ሊሆን ይችላል» ያለው ያለ «ምናልባት» ሲተላለፍ ሌላ ሐኪም ይሆናል። «ማለቴ»ም እንዲሁ ናት። ከ«ማለት ነው» ጋር በመልክ ትመሳሰላለች እንጂ ሥራዋ ማረም ነው፤ ከእርሷ በፊት የተባለው ነገር መሻሩን ትናገራለች። እርሷን ቆርጦ የተሻረውን መተው በሰውየው አፍ ያላለውን ማስገባት ነው።

መሐላውስ? «ማርያምን»፣ «ወላሂ»፣ «እውነቴን ነው የምልህ»፣ «ሙች»… አንዳንድ ሰው ያለ እነዚህ ስለ ቲማቲም ዋጋ እንኳ መናገር አይችልም። የድሬዳዋ ሰው «አቦ»ም ከዚህ ብዙ አትርቅም። እነዚህን እንደ ልማድ ቃል ልቆጥራቸው እሞክርና እጄ ይያዛል፤ ሲወጡ ንግግሩ አጭር ይሆናል፣ ሰውየው ግን ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ብዙውን ጊዜ እተዋቸዋለሁ፤ «ሙች» ብቻ በዜና ሰዓት ትወጣለች።

ከእንግዳው ይልቅ የሚያናድደኝ ጠያቂው ነው። «እሺ» የምትባል ቃል የቃለ መጠይቅ ነቀዝ ናት። እንግዳው ገና ሐረጉን ሳይጨርስ «እሺ»፣ ትንፋሽ ሲወስድ «እሺ»፣ ልጁ እንደሞተበት ሲናገር «እሺ»። ሁለት ድምፆች ተደራርበው ከተቀረጹ ደግሞ ለመለያየት አይመቹም። አዲስ ለሚመጡ ልጆች የምሰጠው ምክር አጭር ነው፤ በአንገትህ እሺ በል። ይህ በአካል ሲሆን ይሠራል። በስልክ ሲሆን ጠያቂው ዝም ባለ ቁጥር እንግዳው «ሃሎ? ሃሎ? እየሰማህ ነው?» ይላል፤ ስለዚህ በስልክ ቃለ መጠይቅ «እሺ»ን ሙሉ በሙሉ መከልከል አልተቻለም። ራሱን በሚነቀንቅበት ቦታ ሁሉ አየር ወደ ውስጥ ስቦ «እህ» የሚል ጠያቂም አለ። የውጭ አገር ሰው የደነገጠ ይመስለዋል፤ እኛ «አዎ» መሆኑን እናውቃለን። ማይክሮፎን ግን ሁለቱንም ስለማያውቅ እንደ ስቅታ ይቀርጸዋል።

«እ»ን ራሷን ብንወስድ እንኳ ብዙ ናት። ረዘም ስትል ማመንታት ነው፤ ወደ ላይ ከፍ ስትል «አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ» ነው፤ አየር ወደ ውስጥ ስትስብ እሺታ ነው፤ ስትጎተትና ስትወርድ ሐዘን ነው። በእንግሊዝኛ ንግግር ውስጥ የማመንታት ድምፆችን ለቅመው የሚያጠፉ ፕሮግራሞች አሉ። ለአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢሰጠኝ ቢያንስ ከእነዚህ አራቱ አንዷን ከሌላዋ እስኪለይ ድረስ አላምነውም።

ጊዜ መግዛት ደግሞ ለእኛ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ ሥርዓት ተበጅቶለት የኖረ ነገር ነው። አዝማሪ ቤት ውስጥ «ተቀበል» የሚለው ደንበኛ ግጥሙን ይሰጣል፣ አዝማሪው ስንኙን እየደገመ ይቀበላል፣ ማሲንቆውም መሐሉን ይሞላል፤ ቀጣዩ ስንኝ በዚያ መሐል ይበስላል። በድሮው የሙግት ሸንጎም «በላ ልበልሃ» ብሎ የሚነሣ ተሟጋች ነገሩን በሚታወቅ ቀመር ይጀምራል፤ አፉ የሚያውቀውን እያለ ሐሳቡ ወደማያውቀው ይቀድማል። የዛሬውን ፓርላማ የሚከታተል ሰው ደግሞ በዓረፍተ ነገር መካከል የምትገባውን «ክቡር አፈ ጉባኤ» ልብ ይበል። አክብሮት ናት፤ ግን ቁጥሩን ከወረቀቱ ላይ ፈልጎ ለማግኘትም ትጠቅማለች። አዛውንት «እንግዲህ ልጄ…» ብለው ሲጀምሩ የሚያርፉት ዕረፍትም ከዚሁ ወገን ነው። ማንም አርታኢ አይነካውም።

ከውጭ የገቡትን ቃላት ብዙ ሰው ይቆጣቸዋል፤ እኔ እንደሌላው አልቆጣም። «ሶ»፣ «ቤዚካሊ»፣ «አክቹዋሊ» የአዲስ አበባ ልጅ አፍ ላይ ናቸው፤ ከዋሽንግተን አካባቢ የሚደውል እንግዳ «ላይክ» እና «ዩ ኖው» ይጨምራል። ከጂዳ የተመለሰችው «ያኒ» ትላለች፤ ከእስራኤል የሚደውለውም «ያኒ» ይላል፤ ዕብራይስጡም ከዓረብኛ ተበድሮታልና በሁለት በር የገባ አንድ ቃል ነው። ሰው ሠርቶ ከኖረበት አገር ቶሎ የሚለምደው እንዲህ ያሉትን ትንንሽ ቃላት ይመስለኛል። የሚያናድደው ሲበዙ ብቻ ነው፤ «ያው» ሲበዛም ያናድዳል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን የባለሥልጣን ዓረፍተ ነገር ስሙ፤ «የንጹሕ መጠጥ ውኃን ተደራሽ ከማድረግ አንፃር በርካታ ሥራዎች እየተሠሩ የሚገኙበት ሁኔታ ነው ያለው።» አንድም «እ» የለበትም። አይንተባተብም፣ ትንፋሹ ልክ ነው፣ ሞገዱ ቆንጆ ነው። ለመቁረጥ ስቀመጥ ግን የት ልያዘው? «ከማድረግ አንፃር» ትውጣ። «የሚገኙበት ሁኔታ ነው ያለው» ትውጣ፤ «ነው» ሲበዛባት ነው። «በርካታ» ስንት እንደሆነ ስለማይታወቅ ትውጣ። የቀረው «ውኃ» እና «ሥራ» ነው። ማን እንደሚሠራ፣ የት፣ መቼ እንደሚያልቅ የለም፤ «እየተሠሩ» የሚለው ግሥ ሠሪውን አስቀድሞ አስወጥቶታል። የሰፈሩ ሴት «ውኃ እንትን… ያው ከመጣ ቆየ በቃ፣ ሦስት ሳምንት ይሆናል» ስትል ሦስት ትርፍ ቃል ትጠቀማለች፤ እነሱን ባወጣቸው ዜናው ሙሉውን ይቀራል።

የሚያሳስበኝ ይህ የ«አንፃር» አነጋገር ከቢሮ መውጣቱ ነው። ጨዋታ አሸንፎ ከሜዳ የወጣ ተጫዋች፣ ላቡ ሳይደርቅ፣ «ሦስት ነጥብ ይዞ ከመውጣት አንፃር ጥሩ እንቅስቃሴ ያደረግንበት ሁኔታ ነበር» ይላል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ግብ አግብቶ እንደ ሕፃን ሲሮጥ የነበረ ልጅ ነው። ማይክሮፎን ሲያይ ባለሥልጣን የሚሆነው ማን አስተምሮት ነው? እኛ ነን፤ በየዜናው ይህንኑ አነጋገር እያስደመጥን። የልማድ ቃል የምንለው «ያው»ና «በቃ» ብቻ ሲሆን፣ «አንፃር» ደግሞ የተማረ ሰው አማርኛ ተደርጎ ሲቆጠር፣ ልጁ የትኛውን ይምረጥ?

ለባለሥልጣን የምናደርገው አንድ ነገር አለ። ጠያቂው ያንን የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ያዳምጥና «ስንት ቀበሌ ደረሰ?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል፤ ከዚያ ዝም ይላል፣ «እሺ» አይልም። ብዙ ጊዜ ያኔ ነው የመጀመሪያዋ «እ» የምትመጣው። «እ… እንግዲህ… ሁለቱ አልቀዋል ይመስለኛል፤ ሦስተኛው ፓምፑ ገና አልመጣም።» ሰውየው ማሰብ ጀምሯል። ይህቺን እንዳለች አስተላልፋታለሁ፤ ከነ«እ»ዋ፣ ከነ«ይመስለኛል»ዋ። የዜና ክፍሉ ሰዓት ጠቦት «ሃያ ሰከንድ ቀንስልኝ» ሲለኝ የሚወጣው የፊተኛው ነው፤ ሃያ ሰከንድ ባይሞላም እጠጋዋለሁ።