የቱ ገጽ ከላይ ይቀመጥ?

በሐረር የሸሪፍ ሙዚየም እንዳሉት ያለ አሮጌ የእጅ ጽሑፍ በካሜራ ይነሣል እንበል። አንዱ ገጽ 8,000 በ6,000 ፒክስል ከሆነ፣ ሳይታመቅ 144 ሜጋባይት ይወስዳል። ባለ 400 ገጹ መጽሐፍ 57.6 ጊጋባይት ነው። ሰው ደጋግሞ የሚከፍተው ግን ማውጫውን፣ ትንንሾቹን ምስሎችና ጥቂት ገጾችን ነው። ሙያው ያለው የቱ የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው።

ከኤረር በር ገብቶ የጀጎልን ነባር ቤት ያየ ሰው ሥርዓቱ አይጠፋውም። የዘወትር ዕቃ በግድግዳው ውስጥ በተበጁት መደርደሪያዎች፣ እጅ በሚደርስበት ይቀመጣል። አልፎ አልፎ የሚፈለገው ፎቅ ላይ ይወጣል።

የመረጃው ቤት ሦስት ደረጃ አለው፤ እዚህ ግን ለእጅ የሚቀርበው የላይኛው ነው። ከታች ቴፕ ነው። አንድ የኤልቲኦ-9 ካርትሪጅ 1,035 ሜትር ቴፕ ጠቅልሎ 18 ቴራባይት ይይዛል፤ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ ግን መጠምጠም አለበት። መካከል ላይ ሃርድ ዲስክ አለ። ሰሌዳው በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ከሆነ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠበቃል፤ የማንበቢያው ክንድ ጉዞ ለብቻው ይታሰባል። ከላይ ያለው ኤስኤስዲ የሚዞር ነገር የለውም። አንዱ ንባብ ብዙውን ጊዜ የአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወስዳል።

የላይኛው ደረጃ ጠባብ ስለሆነ የሚገባው ይመረጣል። የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ኒምሮድ ሜጊዶና ዳርመንድራ ሞድሃ በ2003 ያሳተሙት ኤአርሲ የተባለ ዘዴ ሁለት ዝርዝር ይይዛል። በአንዱ በቅርቡ አንዴ ብቻ የተጠየቁ ብሎኮች፣ ማለትም የመረጃ ቁራጮች፣ ይሰፍራሉ፤ በሌላው ሁለቴና ከዚያ በላይ የተጠየቁት። ረቂቁ ሥራ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። አንድ ብሎክ ሲወጣ ይዘቱ ይጣላል፣ ስሙ ግን ለጊዜው ተመዝግቦ ይቆያል። ያ ስም እንደገና ከተጠራ፣ ዘዴው ብሎኩን ቸኩሎ እንዳስወጣው ይረዳና ለወጣበት ወገን ቦታ ይጨምራል። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ይህን ዘዴ አሻሽሎ ከኤስኤስዲም በላይ ባለው ራም ላይ ይሠራበታል። ከራም ሊወጡ የተቃረቡትን ብሎኮች ደግሞ ቀስ እያለ ወደ ኤስኤስዲ ይገለብጣል። ቀስ ማለቱ ምክንያት አለው፤ የኤስኤስዲው ፍላሽ «ገጽ» በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይጻፋል፣ የሚጠፋው ግን ብዙ እንዲህ ያለ ገጽ በያዘ ትልቅ ክፍል ነው፣ በተጻፈና በጠፋ ቁጥርም ያረጃል።

ፋይል ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲዛወርም ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ ይገለበጣል። ቅጂው ይመሳከራል። ከዚያ አድራሻው ይቀየራል። አሮጌው ቦታ የሚለቀቀው በመጨረሻ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው የፋይል ስም አይለወጥም።

የሰርቨር ኤስኤስዲ ቀርበው ሲያዩት ደስ ይላል። አንዱ ዓይነት 22 ሚሊሜትር ወርድና 110 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ስስ ሰሌዳ ነው። የፍላሽ ቺፖች፣ መቆጣጠሪያውና ራሙ በላዩ ተደርድረዋል። አጠገባቸው ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ዲስኩ አዲስ ጽሑፍ ሲቀበል፣ ገና ራም ላይ ሳለ «ተጽፏል» ብሎ ይመልሳል። በዚያች ቅጽበት መብራት ቢጠፋ፣ ካፓሲተሮቹ ያጠራቀሙት ኃይል ራም ላይ የቀረውን ወደ ፍላሽ ለማውረድ ይበቃል። ዲስኩ «ተጽፏል» ሲል የሚታመነው በእነዚህ ጥቃቅን ክፍሎች ነው።